እንግዳው እስኪታጠፍ ድረስ

ሕልሙ የመጣብኝ ትናንት ሌሊት ነው፤ ጋሼ ደምለው አልጋዬ ላይ፣ እኔ ደግሞ ወለሉ ላይ በዘረጋሁት ፍራሽ ተኝተን ሳለ። ሕልም ብቻውን ሲነገር እብደት ስለሚመስል፣ ምን እያሰብኩ እንደተኛሁ አስቀድሜ ልናገር።

ጋሼ ደምለው የእናቴ ወንድም ናቸው። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ሲያሰማሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን ዓይናቸው እየደከመ ነው። አንድ የውጭ አገር የዓይን ሐኪም አዲስ አበባ መጥቶ ለጥቂት ቀናት በነፃ እንደሚያክም ስሰማ አስመጣኋቸው፤ ቀጠሯችን ለዛሬ ጠዋት ነበር። ስልኩን ያነሳችው ነርስ ሐኪሙ የመጣውን ሁሉ እንደማያክም፣ ቀዶ ጥገና ይጠቅማቸዋል የሚላቸውን ብቻ እንደሚመርጥ ነገረችኝ። አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገሮች ከዓይን የሚጠፉት እንዴት እንደሆነ ነው አለች። ከዳር እየተበሉ ነው? ጉም ውስጥ እየገቡ ነው? ወይስ አንድ ነገር ከፊት እየመጣ እየጋረዳቸው? በደንብ ካልተነገረው ሰውየውን አልፎ ቀጣዩን ይጠራል። አስተርጓሚው ደህና እንግሊዝኛ የሚችል ይሁን ስትለኝ፣ ስኮትላንድ ተምሬ የመጣሁ ሰው ነኝና ችግር የለም አልኳት።

ችግር ነበረ። ስልኩን ከዘጋሁ ጀምሮ እነዚያ ትንንሽ የእንግሊዝኛ ቃላት እንደ ላላ ጥርስ አፌ ውስጥ ይነቃነቁ ጀመር። እኛ አንድ ነገር ሲጠፋ "ከዓይኔ ተሰወረ" ብለን እንገላገላለን። እነሱ ግን የሄደበትን በር ጭምር ካልነገርከን ይላሉ። ጉም ውስጥ ከገባ ኢንቱ ነው። ከኮረብታ ጀርባ ከሆነ ቢሃይንድ ነው። ጥግ ዞሮ ከተሰወረ አራውንድ ነው። ዝም ብሎ ከእይታ ከወጣ አውት ኦፍ ነው። ስኮትላንድ ሳለሁ እነዚህን ሳላስብ ነበር የምናገራቸው። ከተመለስኩ ወዲህ አማርኛዬ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ እንግሊዝኛዬ መሄድ ጀምሯል፤ በየትኛው በር እየወጣ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ማታ ራት በልተን ስናበቃ ጋሼን ነገሮች እንዴት እንደሚጠፉባቸው ጠየቅኳቸው። ስለ ዓይን አላወሩም። ስለ እንግዳ አወሩ። እንግዳ ሲሸኙ፣ እንደ ወጉ፣ የግቢው በር ላይ ቆመው እስኪታጠፍ ድረስ ያዩታል። ድሮ እንግዳው የሚሰወረው ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲታጠፍ ነበር። እየቆየ ከወፍጮ ቤቱ በፊት ካለው የመብራት ምሰሶ ጋ ይጠፋባቸው ጀመር። ከዚያ የጎረቤት አጥር ጋ። እሳቸው ታጠፈ ብለው ይገባሉ፤ እንግዳው ግን ገና መንገድ ላይ ነው፣ እጁን ሊያነሳ ሲዞር በሩ ተዘግቷል። አበልጃቸው አቶ ሽባባው "ደምለው ጀርባውን ሰጠኝ" ብለው እስከ ዛሬ እንዳኮረፏቸው ነው።

እኔ የተማርኩበት አገር ሰው በር ድረስ ይሸኝሃል፣ ቻው ይልሃል፣ ይዘጋል። ማንም አይቀየምም። ይህን ለጋሼ ብነግራቸው ስለ አንድ ክፉ በሽታ የሰሙ ያህል ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እኔስ መላ አግኝቻለሁ" አሉኝ። "ጠፋም አልጠፋም ቆሜ እቆያለሁ። ሰው ሲቀየም ከማይ እግሬ ቢዝል ይሻላል።"

ቀጥለውም እኔ እጠፋባቸዋለሁ ብዬ እንዳልሰጋ ነገሩኝ። በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ወደተሰቀለው ቢጫ የዝናብ ጃኬቴ እያመለከቱ፣ እሱን ስለብስ ከሩቅም እንደማላመልጣቸው አስረዱኝ። ያን ጃኬት ደግሞ የአከራዬ የእትዬ አስካለ ልጅ ያሬድ ለጠዋት ሥራ ተውሶኛል፤ ዝናቡ በርትቷልና እንቅልፋችንን ሳትረብሽ ገብተህ ውሰድ ብዬዋለሁ። መብራት አጠፋን። ጋሼ ወዲያው ተኙ። እኔ ኢንቱ፣ ቢሃይንድ፣ አራውንድ እያልኩ ስገላበጥ ቆየሁ።

ከዚያ የግቢው በር ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ቤቱ ሊሄድ ነበር። ጭቃው እንዳያበላሸው ደረጃውን እንደ ሱሪ እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ቆርቆሮውን አስተካክሎ፣ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ይስማል። እትዬ አስካለ መስኮቱን አቅፈው ስትደርስ ደውል ይሉታል። ቤቱ ትንሽ ሄደት ብሎ ዞረ።

"በቃ ግቡ፣ ብርድ ይመታችኋል" አለን።

ወዴት እንደምንገባ የጠየቀው የለም። ሁላችንም ዝናብ ላይ ቆመን እጃችንን አውለበለብን። ቤቱ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ጠፋ። ያኔ የመስቀለኛው መንገድ የትራፊክ መብራት በእግሩ መጣ፤ ቀይ ሆኖ ነበር የመጣው። ስኮትላንድ የተማረው የቱ እንደሆነ ጠየቀ። ሰፈርተኛው በሙሉ ወደ እኔ ጠቆመ፤ እትዬ አስካለ እንኳ በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ።

"ቤቱ የጠፋው በምን ነው?" አለኝ መብራቱ።

ቸኮልኩ። ቢሃይንድ ዘ ሂል አልኩ፣ ከኮረብታው ጀርባ ማለቴ ነው። መብራቱ ቢጫ ሆኖ ግራ ቀኙን ተመለከተ። በእኛ ሰፈር ኮረብታ የለም። ጎረቤቶቼ ተያዩ፣ አጉረመረሙ፣ ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ተበተኑ። ሲመለሱ የዕድር ድንኳን እንደሚሸከሙ ሁሉ አንድ ሙሉ ኮረብታ ከነቁጥቋጦው ተሸክመው መጡ። መንገዱ ላይ ሲያስቀምጡት ውሻ ጮኸ።

"የተማረ ሰው ሰፈር ውስጥ ሲኖር እንዲህ ነው" አለ አንዱ ላቡን እየጠረገ። "አንዲት ቃል ሲናገር እኛ ትከሻችን ይላጣል።"

ቤቱ አሁን ከኮረብታው ጀርባ ነበር፣ እኔ እንዳልኩት። ችግሩ ፀሐይም፣ ዳቦ ቤቱም፣ የታክሲ ማቆሚያውም ከኮረብታው ጀርባ ሆነዋል። ቃሌን ልመልስ ብል መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሂድ አለኝ። የሚቀየር ከሆነ ሆስፒታል ነው የሚቀየረው አለ። ያን ጊዜ ቀጠሮአችን ትዝ አለኝ፤ ጋሼ አጠገቤ አልነበሩም።

ኮረብታውን ወጥቼ ወረድኩ። ከማዶ ታክሲዎች ዝናብ እየወረደባቸው ረጅም ሰልፍ ይዘው ሰው ይጠብቃሉ። አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት ከፊታቸው ቆማ አንድ ታክሲ ብቻ ነው የምፈልገው እያለች ትጣራለች፤ ታክሲዎቹ ይገፋፋሉ፣ አንዱ የሌላውን መስተዋት ይረግጣል። አንድ አሮጌ ሚኒባስ እኔን አየና በሩን ከፍቶ ለመነኝ። ከንጋት ጀምሮ ቆሞ ሰው አልደረሰውም። ገባሁ። ረዳቱ ሒሳብ ሊከፍለኝ ኪሱን ሲፈታ ዝርዝር እንደሌለኝ ነገርኩት፤ ተቀየመ። ሆስፒታል ስል ሾፌሩ መሪውን ለእኔ ሰጠኝና ወደ ኋላ ሄዶ መስኮቱን ተደግፎ ተኛ። መንዳት አልችልም። ታክሲው ግን መንገዱን ያውቅ ስለነበር ደረስን።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሐኪሞች ተሰልፈዋል። ነጭ ጋዋናቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው፣ ሙዝና ብርቱካን በፌስታል ይዘው፣ ማን ቀድሞ እንደመጣ ይጨቃጨቃሉ። የሰልፉ መጨረሻ ላይ ያ የውጭ አገር ሐኪም ጆሮው በብርድ ቀልቶ ቆሟል። ከፊቱ ላለው ሐኪም ዘመድ ካለህ አስገባኝ ይለዋል፣ በንጹሕ አማርኛ። ዓይነ ስውራን ወንበር ላይ ተቀምጠው ያስገባሉ፣ ያስወጣሉ። "ቀጣይ" ሲሉ ሐኪሞቹ ይርበተበታሉ።

ውስጥ ስገባ ግድግዳው ላይ ዓይን የሚለካበት የፊደል ሰሌዳ ነበር፤ የሚያነበው ግን ሰሌዳው ነበር። ከላይ ያለው ትልቁ ፊደል ዝቅ ብሎ ከታች ያለውን ትንሹን ፊደል ይጠይቃል።

"ያቺ በሩ ጋ የቆመችው ሴት ትታይሃለች?"

"ደብዝዛለች።"

"ያ ከስኮትላንድ የመጣውስ?"

ትንሹ ፊደል አፍጥጦ አየኝና "ሰው ነው ወይስ ጃኬት?" አለ። ወደ ታች ብመለከት ቢጫው ጃኬቴ ተቆልፎ አለ፤ እጆቼ ግን ከእጅጌው አልወጡም ነበር።

የጨለማው ክፍል ውስጥ ጋሼ ደምለውን አገኘኋቸው። እፎይ አልኩ። ነጭ ጋዋን ለብሰዋል፣ የመናኸሪያ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል፣ የመርማሪው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የውጭ አገሩን ሐኪም ከፊታቸው አስቀምጠው አንድ ዓይኑን በጭልፋ ሸፍነውለታል። ፊሽካ ሲነፉ ክፍሉ ጸጥ አለ። አስተርጓሚው እኔ መሆኔን ለሁሉም ነገሩ፤ ድምፃቸው ውስጥ ያለው ኩራት አስጨነቀኝ።

ሐኪሙ ነገሮች እየጠፉበት እንደሆነ ተናገረ። እናቱ ጠፍታበታለች፣ ሻንጣው ጠፍቶበታል፣ ከተማረው ግማሹ ጠፍቶበታል። እያነባ ነው የሚያወራው። እኔ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ነበረብኝ። በምን እንደጠፉ ስጠየቅ ጉሙን አስታወስኩና ኢንቱ አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ሐኪሙ ከነወንበሩ ተንሸራትቶ ግድግዳው ውስጥ ገባ። ግድግዳው ተዘጋ።

"ወዴት ከተትከው?" አለች አንዲት ዓይነ ስውር መርማሪ።

አውጣው አሉኝ። ደንግጬ አውት ኦፍ አልኩ። አንድ ክንድ ወጣ። ሙዝ የተንጠለጠለበት ፌስታል ይዟል። ሌላው አልወጣም። ደግሜ ስለው ክንዱም ሊመለስ ዳዳው፤ ሦስት መርማሪዎች ይዘው ጎተቱት። አንዱ ሙዙን ይላጥ ጀመር። እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ግን ይቅርታውንም በየትኛው ቃል እንደማስገባው አላውቅም። ስኮትላንድ ያስተማሩኝ ሰዎች በሙሉ ከመስኮቱ ውጭ አንገታቸውን ደፍተው ሲያልፉ አየኋቸው።

ጋሼ አልተቆጡም። ተነሥተው እጃቸውን ጃኬቴ ላይ አሳረፉ።

"ረጋ በል፣ ሱራፌል" አሉኝ። "ሂያጅን ቆመህ ነው የምታየው። ስሙን አትጥራ፣ አታጣድፈው። ሲታጠፍ ራሱ ያስታውቅሃል።"

ጋዋናቸውን አወለቁ። ከሥሩ ጥቁር ኮታቸው ነበረች። ጭልፋውን ለአንዲት ነርስ ሰጡ፣ ፊሽካውን ለትልቁ ፊደል አንገት ላይ አጠለቁ። እንግዲህ እኔም ልሂድ አሉ፣ ማንም ሰው ራት በልቶ እንደሚለው።

"ወዴት ነው የሚሄዱት ጋሼ?"

"እሱንማ የምትነግረኝ አንተ አይደለህም እንዴ?"

የሆስፒታሉ ግድግዳ እንደ መጋረጃ ተሰበሰበ፣ ከፊታችን አስፋልት ተዘረጋ። ሐኪሞቹ፣ መርማሪዎቹ፣ ሰፈርተኞቼ፣ እትዬ አስካለ፣ ሁሉም ወጥተው ለሽኝት ቆሙ። ያቺ የሐኪም ክንድም ከእነ ፌስታሏ ቆመች። ጋሼ ኮታቸውን ቆልፈው መንገድ ጀመሩ። ትልቁ ፊደል ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ አንድ ቃል ብቻ እንደቀረኝ፣ ከሳትኩ ሌላ እንደሌለ ሹክ አለኝ።

አሰብኩ። ሕልም ውስጥ ሰው እንዲህ ያስባል ብዬ አላውቅም ነበር። ኢንቱ ካልኩ ገብተው አይወጡም፣ ሐኪሙን አይቻለሁ። ቢሃይንድ ካልኩ ያ ኮረብታ ተነሥቶ ይመጣባቸዋል። አውት ኦፍ ካልኩ ለፍኖተ ሰላም የምመልሰው አንድ ክንድ ብቻ ነው። ፍሮም የሚለውም ነበር፣ ግን ከማን? ከእኔ? ያን አፌ እንቢ አለ። ጋሼ እየራቁ ነው። ኮታቸው ሰፊ ሆኖባቸዋል። የቀረኝ አራውንድ ነበር። ጥግ ዞሮ የሚሄድ ሰው ጥግ ዞሮ ይመለሳል። አራውንድ ዘ ኮርነር ብዬ በሙሉ ድምፄ ተናገርኩ።

ምንም አልሆነም። መንገዱን አየሁት። ቀጥ ያለ ነበር። እስከ ሰማዩ ድረስ አንድም ማጠፊያ አልነበረውም።

ወደ ጎረቤቶቼ ዞርኩና ማጠፊያ አምጡልኝ አልኳቸው። ትከሻቸውን እያሻሹ አንገታቸውን አዞሩ። ኮረብታው ይበቃናል አሉ፤ ማጠፊያ የፈለገ ራሱ ይጠፍ። እትዬ አስካለ ብቻ አዘኑልኝ፤ አስፋልቱ ገና እርጥብ እንደሆነ በዓይናቸው ጠቆሙኝ። ተንበረከክሁ። እጆቼ አሁን ከእጅጌው ወጥተው ነበር። ጣቶቼን ከመንገዱ ጠርዝ ሥር አስገባሁና ሳብኩ። ትኩስ ነበር፣ እንደ ሊጥም የለሰለሰ ነበር። ትንሽ ተጣመመ። ነጩ መስመር ሰንበር መሰለ። ደግሜ ሳብኩ። አንድ አውቶቡስ የሚያሳልፍ ያህል እንኳ አልታጠፈም። ጋሼ የጣት ጥፍር አክለዋል።

ያኔ ዞሩ። እንግዳ ዞሮ እንደሚያደርገው እጃቸውን ከፍ አደረጉና ጠበቁ።

እጄን ላነሳ ብል ሁለቱም አስፋልቱ ሥር ነበሩ። ብለቃቸው መንገዱ ተመልሶ ይቃናል፣ ማጠፊያው ይጠፋል። ካልለቀቅኳቸው አላውለበልብም። ጋሼ እጃቸውን እንዳነሱ ቆመዋል። በሩቁ እንኳ ፊታቸው ላይ ያለው ጥበቃ ይታየኝ ነበር። ልጠራቸው አፌን ስከፍት አፌ ውስጥ የቀረ ቃል አልነበረም። ከበስተኋላዬ የተሰለፈው ሰው አንድ ላይ ተነፈሰ፣ አቶ ሽባባው ይሁኑ ሌላ ሰው አላውቅም፣ ቀስ ብሎ "ጀርባውን ሰጠው" አለ። እጆቼን ጎተትኩ።

ነቃሁ። እጆቼ ፍራሹና ወለሉ መካከል ተቀርቅረዋል። ነግቷል። አልጋው ባዶ ነው፤ ብርድ ልብሱ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። በሩ ገርበብ ብሏል። ሚስማሩ ላይ ጃኬቱ የለም። ያሬድ እንደነገርኩት ሳይረብሸን ገብቶ ወስዶታል።

አንሶላዬን እንደተከናነብኩ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቷል። ጋሼ ደምለው የግቢው በር ላይ ቆመዋል። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ጫማቸውን ግራና ቀኙን አዘዋውረው አድርገውታል። ፊታቸው ወደ መንገዱ ነው። እትዬ አስካለ መጥረጊያ ይዘው ከበረንዳቸው ወረዱና በዚህ ብርድ ማንን እንደሚሸኙ ጠየቋቸው።

"የእህቴን ልጅ ነው" አሉ ጋሼ ሳይዞሩ። "ቢጫውን ለብሶ ሹልክ አለ። ሳይቀሰቅሰኝ ተራ ሊይዝልኝ መሆኑ ነው። ደርሼበት ወጣሁ።"

"ታዲያ ይግቡ እንጂ፣ ሄደ አይደል?"

"ኧረ ገና ነው። አልታጠፈም፤ ይኸው እያየሁት።"

እትዬ አስካለ መንገዱን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ፤ መጥረጊያው እጃቸው ላይ ቀረ። መንገዱ እስከ ሱቁ ማጠፊያ ድረስ ባዶ ነበር። ያሬድ ይሄኔ አውቶቡስ ተሳፍሯል። ሌሊቱን ሙሉ ሳገላብጣቸው ያደርኩት እነዚያ ቃላት አንዳቸውም ትዝ አላሉኝም።

ጋሼ እጃቸውን ወደ ባዶው መንገድ ከፍ አድርገው አውለበለቡና ጠበቁ። ከኋላቸው ቆሜ እኔም እጄን አነሳሁ።